እትዬ አልይዝም

ያኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ። መስኮቴ ከጥርስ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ነው፤ በመሐላችን ያለው ኮሪደር ከሰባት እርምጃ አይበልጥም። ስለዚህ ይህን የማወራው ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ አብዛኛው ዓይኔ እያየ የሆነ ነው።

ጥርስ ክፍል ትልቅ ሰው ሲገባ ብዙም አይሰማም። ልጅ ሲገባ ግን ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። መጀመሪያ “አልገባም!” የሚል ጩኸት ይመጣል፤ ቀጥሎ ወንበሩ ይንቋቋል፤ ቀጥሎ የሐኪሙ ድምፅ፣ “ያዢው!”። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መስማት ያልፈለገ ሰው ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። እኔም ከፍ አደርግ ነበር።

የምትይዘው እሷ ነበረች፣ የጥርስ ክፍሉ ረዳት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትራመድ ጫማዋ ወለሉን የሚያንኳኳ ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይዛለች። አያያዟ የታወቀ ነበር፦ የልጁን ሁለት እጆች በአንድ እጇ ደረቱ ላይ ታጣምራለች፣ በሌላው ግንባሩን ከወንበሩ ጋር ታጣብቃለች፣ እግሩን በጉልበቷ ትገታለች። ሐኪሙ ጨርሰው ጓንታቸውን እስኪያወልቁ ንቅንቅ የለም። የሌላ ክፍል ነርሶች እንኳ የሚንፈራገጥ ልጅ ሲገጥማቸው “ብሎንን ጥሩልን” ይሉ ነበር። ብሎን ያልናት አንዴ ከጠበቀች ስለማትላላ ነው። ስሙን ታውቀዋለች፤ ትስቅበታለች፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ትኮራበትም ነበር። “እኔ ካልያዝኩት መርፌው ዓይኑ ውስጥ ይገባል” ትለን ነበር፤ ማንም አልተከራከራትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ጋዋኗን ሳትለብስ መስኮቴ ጋ መጥታ ቆመች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

“የካርዱ” አለችኝ፤ ሁሌም እንዲህ ነው የምትጠራኝ። “ቅዳሜ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ አንዲት ልጅ አየችኝ።”

“የትኛዋ ልጅ?”

“ከሦስት ሳምንት በፊት መንጋጋዋን የነቀልንላት። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ጫማ ልንገዛ ነው ብላ ያመጣቻት።”

አስታወስኳት። ሬዲዮውን ብዙ ከፍ ያደረግኩባት ቀን ነበረች።

“ያለ ጋዋን ነበርኩ፣ ሻሽ አስሬ። ግን አወቀችኝ። አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? እጆቿን እንዲህ ደረቷ ላይ አጣመረች። ልክ እኔ እንደማጣምራቸው፣ ራሷ አጣመረቻቸው። ከዚያ ሽንቷ በካልሲዋ ላይ ወረደ።”

ሬዲዮውን ዘጋሁት።

“እናትየው አፍራ ‘ትልቅ ልጅ ሆነሽ!’ ብላ ተቆጣቻት። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ ልል ፈለግኩ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዳቦውን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ። ልጄን ጠየቅኳት። እሷንም እኮ በሰባት ዓመቷ እዚያው ወንበር ላይ ይዣታለሁ። ‘ትዝ ይልሻል?’ አልኳት።”

“ምን አለችሽ?”

“‘እማ፣ ሐኪሙ ትዝ አይለኝም፤ እጅሽ ነው ትዝ የሚለኝ’ አለችኝ።”

ልጇ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጥርሷን ሲያማት ክኒን ትውጣለች እንጂ የእኛን ክሊኒክ ደጃፍ አትረግጥም፤ እኛም የእናቷ ሥራ ቦታ ስለሆነ አፍራ ነው ስንል ነበር።

“ልጆች ይረሳሉ፣ እትዬ” አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

“አንተ ረስተሃል?”

አልረሳሁም። በልጅነቴ ጥርሴን የነቀለውን ሐኪም መልክ አላስታውሰውም፤ የጓንቱ ሽታ ግን ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ጋዋኗን ለብሳ ገባች። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን አንዲት ልብስ ሰፊ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች፤ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ ነው። ልጁ የበሩን መቃን በሁለት እጁ አንቆ አልገባም ስላለ በሩ ሳይዘጋ ቀረ። እኔም ሁሉንም አየሁ። እናትየው ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ሐኪሙ ጀርባቸውን ሰጥተው መርፌ እያዘጋጁ ነበር።

“ያዢው” አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

“አልይዝም።”

“ምን አልሽ?”

“አልይዝም አልኩ፣ ዶክተር። መስተዋት ላቀብልዎ፣ ጥጥ ላቀብልዎ፣ ምራቁን ልምጠጥልዎ። ልጅ ግን ከዛሬ ጀምሮ አልይዝም።”

አሁን ዞሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ማለት አለብኝ። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በቀን ሠላሳ ሰው ብቻቸውን ያያሉ። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሷ አፍ “አልችልም” እንኳ ሰምተው አያውቁም።

“አሞሻል?”

“ደህና ነኝ።”

“ውጭ አሥራ ስምንት ሰው ተሰልፏል! አልይዝም ማለት ምን ማለት ነው? ዘበኛውን ጥሩልኝ!”

ዘበኛው መጣ። በር ሙሉ የሚያህል ሰውዬ ነው። እሷ ከወንበሩ ፊት ሄዳ ቆመች፤ ቁመቷ ደረቱ ላይ አይደርስም።

“እኔን ረግጠህ እለፍና ያዘው” አለችው።

ዘበኛው እሷን አየ፣ ሐኪሙን አየ፣ ማጅራቱን አከከ። “ዶክተር፣ የውጪውን በር ከፍቼ ነው የመጣሁት” አለና ተመልሶ ሄደ።

የተቆጣችው ግን ልብስ ሰፊዋ ነበረች። “አንቺ ማን ነሽና ነው?” አለቻት፣ ልጁን ከወንበሩ እያነሳች። “ልጄ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም! ሕመሙን አንቺ ትወስጂለታለሽ?” መልስ ሳትጠብቅ ይዛው ወጣች።

በአራተኛው ቀን ልጁ ጉንጩ እንደ ኳስ አብጦ ተመለሰ፤ ትኩሳቱም ከፍ ብሎ ስለነበር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከ። ሳምንት ተኝቶ ዳነ። ይህን አልደብቅም፤ እሷም ደብቃው አታውቅም። ሐኪሙ ካርዱን ከእኔ ወስደው ፊቷ አስቀመጡት። “ይኸውልሽ፣ የደግነትሽ ውጤት።” ካርዱን እስከ መጨረሻው አንብባ መለሰችልኝ። ስንወጣ ግን በር ላይ ቆም ብላ፣ “የታመመው ስላልያዝኩት አይደለም” አለችኝ። “ከመያዝ ሌላ ነገር ስለማናውቅ ነው። እኔን ጨምሮ።”

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ጠርተው፣ “ይቅርታ ጠይቂያቸውና ነገሩ ይለቅ” አሏት። እሷ እስክሪብቶ ተቀብላ እዚያው ደብዳቤው ግርጌ ጻፈችበት፦ “ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰዎች አሉኝ። ዶክተሩ ከእነሱ ውስጥ የሉበትም።” ሥራ አስኪያጇ ሁለት ጊዜ አነበቡት ይባላል። ከዚያ የሕክምና ዕቃ ከጀርም ወደሚጸዳበት ወደ መቀቀያ ክፍል አዛወሯት። የጥርስ ክፍል ሠራተኛ ጥርስ ውስጥ ገባች እያልን ሳቅንባት፤ ስሟንም ቀየርንላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ አልይዝም ሆነች።

መቀቀያ ክፍሉ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለች፣ መስኮት የሌላት፣ እንፋሎት የሞላባት ጠባብ ክፍል ናት። ከሰው ዓይን አራቅናት ብለው ነበር። ግን የክፍሏ በር የሚከፈተው ልጆች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ዕቃው ሲቀቀል ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ያንን ሃያ ደቂቃ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመረች። የተቀቀለች ትንሽ የአፍ መስተዋት ይዛ ትወጣና የራሷን አፍ ከፍታ፣ “ቁጠሩልኝ እስቲ፣ ስንት ቀርቶኛል?” ትላቸዋለች። ልጆቹ ይቆጥራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይጣላሉ። አንዱ “እትዬ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ” ሲላት፣ “ብሩሽ ጠልቼ ያመጣሁት ነው” ትለዋለች። ቀጥላ መስተዋቷን ለእነሱ ትሰጥና የራሳቸውን ያዩባታል። ውሃ የሚረጨውን፣ ምራቅ የሚመጠውን፣ የሚያፏጨውን መቦርቦሪያ፣ ሁሉንም ከመግባታቸው በፊት ድምፁን በአፏ እያሰማች ትነግራቸዋለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የላትም፣ ውሸት ላይ። ልጅ “ያማል?” ብሎ ሲጠይቃት “ምንም አይል” ብላ አታውቅም።

“መርፌው ይቆነጥጥሃል። ቀስ ብለህ እስከ አምስት ቁጠር፤ ከዚያ ከንፈርህ የተኛ ይመስልሃል። ከዚያ በኋላ መገፋት ይሰማሃል። ካመመህ ይህን እጅህን አንሳ፣ እናቆማለን።”

ወላጆችንም አልማረችም። “ከረሜላ ልንገዛ ነው ብለሽ ነው ያመጣሽው? ንገሪው። አሁኑኑ፣ እኔ ፊት ንገሪው።” አንድ አባት ልጁን “ጎበዝ ወንድ አያለቅስም” ሲለው ሰማችና ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ አለች። “ያለቅሳል እንጂ። እርስዎም ባለፈው ወር ሲነቀሉ አልቅሰዋል፤ እኔ ጋ ድረስ ተሰምቷል።” አግዳሚው በሳቅ ተናጋ። ልጁ አባቱን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እጁን ይዞት ገባ።

ችግሩ እሷ ቃል የምትገባው ውጭ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ውስጥ ነው። አንድ ቀን መነጽሯ በፕላስተር የተጣበቀ የሰባት ዓመት ልጅ ሳታለቅስ ገባች፣ ጥጥ ነክሳ ሳታለቅስ ወጣች። በቀጥታ ወደ መቀቀያ ክፍሉ ሄደች።

“እጄን አነሳሁ” አለቻት ባበጠ አፏ። “አልቆሙም። ዋሸሽኝ።”

እትዬ አልይዝም እርጥብ ሽርጧን እንደታጠቀች ጥርስ ክፍል ገባች። በሩን ከፍታ ነው የተወችው፤ አውቃ ይመስለኛል።

“ዶክተር፣ ልጅቷ እጇን አንስታ ነበር።”

“አይቻለሁ። አሥር ሰከንድ ነበር የቀረኝ።”

“ታዲያ ‘አሥር ሰከንድ ቀረኝ’ አይሏትም ነበር?”

“ከመቼ ወዲህ ነው መቀቀያ ክፍል ሕክምና የሚያስተምረኝ?”

“ከዛሬ ወዲህ” አለቻቸው።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ሦስተኛው ማሰናበቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። “ተይ፣ እህቴ” ያላት ብዙ ነው፤ እኔም ብያታለሁ። እሷ ግን በማግስቱ የምሳ ሰዓት መስኮቴን አንኳኳች።

“የካርዱ፣ የልጆቹን ካርድ አውጣልኝ።”

“ካርድ ለሰው አይወጣም፣ እትዬ። ታውቂዋለሽ።”

“አታውጣ። ቁጠር ብቻ። ጥርስ ተነቅሎላቸው ለሌላ ጥርስ ቀጠሮ ከተሰጣቸው ልጆች ውስጥ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ቁጠርልኝ።”

እንቢ ልላት ነበር። ሬዲዮው ትዝ አለኝና አፈርኩ። ሳምንት ሙሉ ምሳዬን በአንድ እጄ እየበላሁ በሌላው ካርድ አገላበጥኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች ሆነው ቀጠሮ የተሰጣቸው መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። የመጡት አሥራ ዘጠኝ። እነዚያን ካርዶች በገዛ እጄ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም።

“ዘጠና ሦስቱ ጥርሳቸው ዳነላቸው?” አለችኝ።

“አይመስለኝም።”

“እንሂድ።”

“እኔም?”

“አንተም። ቁጥሩን የቆጠርከው አንተ ነህ።”

ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባን። ሐኪሙም ተጠሩ። እሷ ሳትቀመጥ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“በፍጥነት እንሠራለን እንላለን” አለች። “በፍጥነት እያባረርናቸው ነው። ትልቅ ሲሆኑ ደግሞ ፊታቸው አብጦ ይመጣሉ፤ ያኔ ‘እስከዛሬ የት ነበራችሁ?’ ብለን እንቆጣቸዋለን። እዚሁ ነበሩ። እኔ ነኝ ይዣቸው የነበርኩት።”

ሐኪሙ ወረቀቱን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። “ይህን ከየት አመጣኸው?”

“ከካርዱ ነው፣ ዶክተር” አልኩ። “ቀጠሮውን የጻፉት እርስዎ ነዎት።”

ሥራ አስኪያጇ ብዕራቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩና ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት።

“የረቡዕ ጠዋት። ለልጆች ብቻ። የሚይዝ ሰው አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ልጅ ምንም አይነካም፤ ወንበሩን አይቶ ይሄዳል፣ የባሰበት ካልሆነ በስተቀር። እጅ ከተነሳ ሥራ ይቆማል።”

“አንድ ወር” አሉ ሐኪሙ። “አንድ ወር አይቼ ካልሆነ ወደ መቀቀያሽ።”

“እጅ ሲነሳ ይቆማል?”

“እሺ።”

“እሺ አይበቃኝም። ይጻፍ።”

ተጻፈ። ሐኪሙ ሲፈርሙ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም።

የመጀመሪያው ረቡዕ ውርደት ነበር ማለት ይቻላል። አምስት ልጆች መጡ። አንዱ ከበሩ አላልፍ ስላለ እሷም ደፉ ላይ አብራው ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ገብቶ የወንበሩን መርገጫ እየረገጠ ከፍና ዝቅ አደረገው፤ ቻው ብሎ ሄደ። ሐኪሙ ሲወጡ፣ “ዛሬ ያከምነው ወንበሩን ነው” አሉ። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ለልጁ የሚቀጥለውን ረቡዕ ቀጠሮ እየጻፈች ነበር።

በሁለተኛው ረቡዕ አንዲት ልጅ የእትዬ አልይዝምን ጣት ነክሳ አደማች። እትዬ ጣቷን በፋሻ ጠቅልላ ተመለሰችና፣ “በይ፣ ተራሽን ወስደሻል፤ አሁን የእኔ ተራ ነው፤ አፍሽን ልይ” አለቻት። ልጅቷ በጣም ከመደንገጧ የተነሳ አፏን ከፈተች። ወንበሩን ያከመው ልጅ ተመልሶ መጣ፤ ጥርሶቹን አስቆጠረ። በሦስተኛው ደግሞ አንዱን አስሞላ። ሐኪሙ ስለ ወንበሩ የሚቀልዱትን ተዉት።

አራተኛው ረቡዕ የወሩ መጨረሻ ነበር። ስምንት ዓመት የሚሆናት፣ መንጋጋዋ መግል የቋጠረ ልጅ መጣች። ጥያቄዋ ስለማያልቅ አግዳሚው ላይ ያሉት ወዲያው ጠበቃዋ አሏት። ይህኛው ጥርስ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም፤ በዚያው ቀን መነቀል ነበረበት። ወንበሩ ላይ ወጥታ በቀጥታ ሐኪሙን ጠየቀቻቸው።

“እጄን ስንት ጊዜ ማንሳት ይፈቀዳል?”

ሐኪሙ እትዬ አልይዝምን አዩ። እሷ መስተዋቷን መወልወሏን ቀጠለች። ይህን መመለስ የእሳቸው ነበር።

“የፈለግሽውን ያህል” አሉ በመጨረሻ።

መርፌውን እስከ አምስት ቆጥራ ቻለችው። ከዚያ ሐኪሙ ጉጠቱን ገና አፏ አጠገብ ሳያደርሱ እጇን አነሳች። ቆሙ። “ምንድን ነው?” “መቆምዎን ለማየት ነው” አለች። ከበር ውጭ የቆምነው አንገታችንን አስግገን አየን። ሁለተኛ አነሳች፤ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። ነገሯት። ሦስተኛው የእውነት ነበር፤ አመማት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሐኪሙ ጉጠቱን አስቀምጠው ማደንዘዣ ጨመሩላት፤ እስኪይዝ ድረስም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። እሳቸው ሲጠብቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አራተኛ ጊዜ እጇን ስታነሳ ላብ ግንባራቸው ላይ ወርዶ ነበር።

“አሁንስ?”

“አሁን ይቀጥሉ ለማለት ነው።”

ጥርሱ ወጣ። ጠበቃዋ በወረቀት ጠቅልላ ተረከበችው። በሳምንቱ ለሌላኛው ጥርሷ ቀጠሮ ነበራት፤ እናቷን ኮሪደር ላይ ትታ ብቻዋን ገባች።

ሐኪሙ ይቅርታ አልጠየቁም፣ “ልክ ነበርሽ”ም አላሉም። በማግስቱ ግን መቀቀያ ክፍሉ በር ላይ ቆመው፣ “ሽርጥሽን አውልቂና ነይ፤ ጥጥ የሚያቀብለኝ የለም” አሏት። “የምመጣው ለልጆችም ለትልቁም ሰው ነው?” አለቻቸው። “ለሁሉም” አሉ። ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች ዛሬም ፋይሏ ውስጥ አሉ፤ ይውጣልኝ ብላ አልጠየቀችም። በዓመቱ ካርዶቹን እንደገና ቆጠርኩ፤ ቀጠሮ ከተሰጣቸው ስልሳ ልጆች አርባ ሰባቱ ተመልሰው መጥተዋል። ያልመጡትን አሥራ ሦስት በየቤታቸው እየሄደች ፈልጋቸዋለች፤ አምስቱን አግኝታ አምጥታለች።

እኚያ ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ወጥተው አዲስ ሰው ተተኩ። ባለፈው ዓመት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በደስታ አንድ ትልቅ ካርቶን አስገቡ። ውስጡ ልጅ የሚታሰርበት ሰሌዳ ነበር፤ ለእጅ፣ ለሆድ፣ ለእግር ሰፋፊ ማሰሪያ ያለው፣ ሰማያዊ፣ ዳርና ዳሩ ላይ አሻንጉሊት የተሣለበት። “ዘመናዊ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም” አሉን።

እትዬ አልይዝም ሰሌዳውን ከካርቶኑ አወጣች፤ ቢሯቸው ወለል ላይ ዘረጋችው፤ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

“ይተኙበት” አለቻቸው።

“ምን?”

“ይተኙበትና ልሰርዎት። ከዚያ አፍዎን ይክፈቱልኝ። ካልፈሩ እንቀበለዋለን።”

እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ ዶክተሩም ከኋላዬ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ዶክተሩን አዩዋቸው፤ የሚያግዛቸው ፈልገው ነው። ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፈው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። “ይሞክሩት እስቲ” አሉ።

አልተኙም። ካርቶኑ በማግስቱ ወደ መጋዘን ተመለሰ። እሷ ደግሞ በምትኩ የሚገዛ ዕቃ ጽፋ አስገባች፤ ስድስት ትናንሽ የአፍ መስተዋቶች፣ ለልጅ ልክ የሆነ የመብራት መከላከያ መነጽርም። መስተዋቶቹ መጥተዋል። መነጽሩን በየሳምንቱ ሰኞ ቢሯቸው እየሄደች ትጠይቃለች።